አጥንት በደም ስራ ምን አገባው?

ከአጥንት ውስጥ ቁንጥር መቅኔ ይወጣል። ከዚያ አጥንት በሌለበት ሌላ የሰውነት ክፍል ይተከላል። ምን የሚሆን ይመስላችኋል?

መህዲ ታቫሶሊ እና ዊልያም ክሮዝቢ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን በእንስሳት ላይ ሞክረው ያዩትን እ.ኤ.አ. በ1968 አሳተሙ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጀመሪያ ላይ የታየው ተስፋ የሚያስቆርጥ ነበር። ቁራሹ ውስጥ የነበሩት ደም ሰሪ ሴሎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ረገፉ። የተረፉት ደም መስራት የማይችሉ፣ «ደጋፊ» ተብለው የሚታለፉ ሴሎች ነበሩ። እነሱ መባዛት ጀመሩ። ተባዝተው የሰሩት ግን መቅኔ አይደለም፤ አጥንት ነው። ትንሽ የአጥንት ቅርፊት ቆመ። ውስጡ ተቦረቦረ። የደም ስሮች ገቡበት። ደም መመረት የጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። አጥንት ቀደመ፣ ደም ተከተለ።

ጽንስ ሲያድግም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጥንት የሚባል ነገር ገና የለም፤ ደም ሌላ ቦታ ይሰራል። ቀጥሎ ለወራት ዋናው የደም መስሪያ ጉበት ነው። አጥንት እየጠነከረ ውስጡም ክፍት ቦታ እየተበጀለት ሲመጣ ደም ሰሪዎቹ ሴሎች ጉበትን ለቀው ወደዚያ ይሰደዳሉ። ከውልደት በኋላ ዋናው ቤታቸው መቅኔ ይሆናል።

አጥንት የመቅኔ ማስቀመጫ ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ? ደም ለስላሳ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ጉበት ውስጥ፣ መሰራቱን መቀጠል ይችል ነበር። ሳይንቲስቶችን ለአሥርተ ዓመታት ያከራከረው ጥያቄ ይኸው ነው።

ለመሆኑ መቅኔ ውስጥ ምን እየተሰራ ነው?

መቅኔ በአጥንት ውስጥ የሚገኝ ለስላሳ ነገር ነው። ቀይም ቢጫም አለው። ቀዩ ደም ይሰራል። ቢጫው በአብዛኛው ስብ ነው። ስንወለድ መቅኔያችን ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀይ ነው። እያደግን ስንሄድ ቀዩ ከእጅና ከእግር አጥንቶች እየሸሸ በቢጫው ይተካል። አዋቂ ሰው ላይ ቀይ መቅኔ በብዛት የሚገኘው በዳሌ፣ በአከርካሪ፣ በደረት አጥንት፣ በጎድንና በራስ ቅል ውስጥ ነው። በጭንና በላይኛው ክንድ አጥንቶች የላይ ጫፍም ይገኛል። ሀኪም የመቅኔ ናሙና ሲፈልግ ብዙ ጊዜ ከዳሌ አጥንት ከኋላ በኩል የሚወስደው ለዚህ ነው።

የምርቱ ብዛት ጉድ ያሰኛል። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 200 ቢሊዮን ገደማ ቀይ የደም ሴሎችን ይሰራል። በሰከንድ ሲሰላ ከ2 ሚሊዮን ይበልጣል። ቀይ ሴል 120 ቀን ያህል ኖሮ ይሞታል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ከ7 እስከ 10 ቀን ነው ዕድሜው። ጀርም ሲገባ ቀድሞ የሚደርሰው ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሴል ደግሞ ከዚያም አጭር ዕድሜ አለው። ስለዚህ ፋታ የሚባል ነገር የለም።

ደም የሚሰራው መቅኔ ውስጥ መሆኑን በ1868 ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ደርሰውበታል። አንዱ በኮኒግስበርግ የነበረው ኧርነስት ኖይማን ነው። ሌላው ጣሊያናዊው ጁሊዮ ቢዞዜሮ። ቀጣዩ ትልቅ እርምጃ ግን እስከ 1961 ቆየ። ጄምስ ቲል እና ኧርነስት ማኩሎክ ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ አይጦችን መቅኔያቸውን በሚያጠፋ ጨረር መቱ። ከዚያ ከጤነኛ አይጥ የተወሰደ የመቅኔ ሴል በደም ስራቸው ሰጧቸው። ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ ጣፊያቸው ላይ ትናንሽ እብጠቶች ታዩ። እያንዳንዱ እብጠት ከአንድ ሴል ብቻ የተራባ መሆኑ ብዙም ሳይቆይ ተረጋገጠ። በአንዳንዱ እብጠት ውስጥ ቀይም፣ ነጭም፣ ፕላትሌት ሰሪም ሴል ነበር።

ይህን የመሰለው ምንጭ ሴል ስቴም ሴል ይባላል። ሁለት ችሎታ አለው። አንድም ራሱን የመሰለ ሌላ ስቴም ሴል ይወልዳል፤ አንድም ሌላ ዓይነት ደም የሚሆኑ ልጆችን ይወልዳል። ቁጥሩ በጣም ትንሽ ነው። ከአሥር ሺህ የመቅኔ ሴሎች አንዱ እንኳ ላይሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ተኝቷል። እንዲህ መተኛቱ ስንፍና አይደለም፤ ሴል በተከፋፈለ ቁጥር የመበላሸት ዕድሉ ስለሚጨምር ምንጩ ባይነካካ ይሻላል። የዕለቱን ከባድ ስራ የሚሰሩት ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ናቸው።

እና «ተኛ»፣ «ተነሳ»፣ «አንተ ቀይ ሁን»፣ «አንቺ ነጭ» የሚለው ማን ነው?

የአጥንት ሴሎች የሚባሉትስ እነማን ናቸው?

አጥንትን ስናይ የደረቀ ነገር ይመስላል። በህይወት ባለ ሰው ውስጥ ግን ያለማቋረጥ እየፈረሰ እየተሰራ ያለ አካል ነው። አዋቂ ሰው ላይ በዓመት ከጠቅላላው አጥንት 10 በመቶ ያህሉ ይታደሳል። ይህን የሚያካሂዱት ሦስት ዓይነት ሴሎች ናቸው።

ኦስቲዮብላስት አጥንት ይሰራል። በአጥንቱ ገጽ ላይ ተደርድሮ መጀመሪያ ፕሮቲን ያነጥፋል፤ ካልሲየምና ፎስፌት ቀስ ብለው ይጋገሩበታል። ስራውን ሲጨርስ ከሦስት ዕጣ አንዱ ይደርሰዋል። ወይ ይሞታል፣ ወይ ጠፍጣፋ ሆኖ ገጹን እንደሸፈነ ይቀራል፣ ወይ ራሱ በሰራው አጥንት ውስጥ ይቀበራል።

የተቀበረው ኦስቲዮሳይት ይባላል። ከአጥንት ሴሎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው እሱ ነው። አሥርተ ዓመታት ሊኖር ይችላል። ከተቀበረበት ሆኖ በቀጫጭን ቦዮች ውስጥ ክንዶቹን ይዘረጋል። ከጎረቤቶቹና ከአጥንቱ ገጽ ጋር የሚነጋገረው በእነዚህ ነው። አጥንት ላይ ጫና ሲያርፍ ቀድሞ የሚያውቀውም እሱ ነው።

ሦስተኛው ኦስቲዮክላስት ነው። እሱ አጥንት ያፈርሳል፤ አሲድና ፕሮቲን የሚበላ ኢንዛይም ይለቃል። ብዙ ሴሎች ተዋህደው የሚፈጥሩት ስለሆነ ግዙፍ ነው። አሁን ጉዱን ስሙ። ኦስቲዮክላስት የሚወለደው ከደም ስቴም ሴል ነው! ከነጭ ሴሎች ወገን ነው፤ ሞኖሳይት ከሚባለው ጋር አንድ ዘር ነው። ኦስቲዮብላስትና ኦስቲዮሳይት ግን ከሌላ ቤተሰብ ናቸው። እንግዲህ አጥንት ደሙን ያሳድጋል እያልን ሳለ የደም ልጅ ደግሞ አጥንቱን ያፈርሳል። ጉዳዩ የአንድ ወገን ትእዛዝ አይደለም ማለት ነው።

በአጥንትና በመቅኔ መካከል ይህ ነው የሚባል ግድግዳ የለም። በተለይ ስፖንጅ በሚመስለው የአጥንት ክፍል ውስጥ መቅኔው በየቀዳዳው ሞልቷል። አጥንት ሰሪው ሴልና ደም ሰሪው ሴል ጎን ለጎን ናቸው። መነካካት ይችላሉ።

ጎረቤት ለስቴም ሴል ምን ያደርግለታል?

በ1978 እንግሊዛዊው ሬይ ስኮፊልድ አንድ ሀሳብ አቀረበ። ስቴም ሴል ስቴም ሴል ሆኖ የሚቆየው በራሱ ብርታት ብቻ አይደለም አለ። የሚኖርበት ቦታና የከበቡት ሴሎች ናቸው እንደዚያ አድርገው የሚያቆዩት። ከዚያ ቦታ ከወጣ ያድጋል፣ ይለወጣል፣ ምንጭነቱ ያበቃል። ይህን ቦታ እዚህ ጽሁፍ ላይ «መኖሪያ ሰፈር» እንበለው።

ሰፈሩን እንደ ሞግዚት አስቡት። ልጁን አልወለደችውም። ግን የምታስተኛው እሷ ናት፣ የምታበላው እሷ ናት፣ ራቅ ብሎ ሲሄድ የምትጠራው እሷ ናት።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በኬሚካል ነው። ሲኤክስሲኤል12 የሚባል ፕሮቲን ስቴም ሴሉን ጠርቶ አጠገብ ያስቀምጠዋል። ስቴም ሴል ፋክተር የሚባለው ደግሞ በህይወት እንዲቆይ ያደርገዋል። ኦስቲዮብላስቶች የሚያመነጩት ኦስቲዮፖንቲን የሚባል ፕሮቲን የስቴም ሴሎችን ቁጥር ከልክ እንዳያልፍ ይገድባል፤ ይህ በ2005 በአይጥ ታይቷል። ካልሲየም ራሱ መልእክተኛ ነው። አጥንት በሚፈርስበትና በሚሰራበት ቦታ የካልሲየም መጠን ከፍ ይላል። ስቴም ሴል ደግሞ ገጹ ላይ ካልሲየምን የሚያውቅበት ተቀባይ አለው። በ2006 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ይህ ተቀባይ የሌላቸው የአይጥ ስቴም ሴሎች በደም ውስጥ ይዞራሉ እንጂ አጥንቱ ገጽ አጠገብ መስፈር ይቸግራቸዋል።

ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ ነው?

እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ጉዳዩ ትኩረት የሳበው በ2003 ነው። ኔቸር የሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ሁለት ጥናቶች ባንድ ላይ ወጡ። በአንዱ የአይጦች ኦስቲዮብላስቶች የፓራታይሮይድ ሆርሞን ምልክት ሳያቋርጥ እንዲደርሳቸው ተደረገ። ይህ ሆርሞን አንገት ላይ ካሉ ትናንሽ እጢዎች የሚመነጭ ሲሆን የደምን ካልሲየም ይቆጣጠራል። ኦስቲዮብላስቶቹ በዙ። የደም ስቴም ሴሎቹም አብረው በዙ። ሌላው ጥናትም በተለየ መንገድ ሄዶ እዚያው ደረሰ፤ የኦስቲዮብላስቶች ቁጥር ሲጨምር የስቴም ሴል ቁጥርም ጨመረ።

በቀጣዩ ዓመት ተቃራኒው ተሞከረ። አንድ የተወሰነ መድኃኒት ሲሰጣቸው ኦስቲዮብላስቶቻቸው ብቻ የሚሞቱ አይጦች ተዘጋጁ። መድኃኒቱ ተሰጠ። ኦስቲዮብላስቶቹ ጠፉ። ቀጥሎ መቅኔው ውስጥ ወደ ነጭም ወደ ቀይም የሚያድጉት ወጣት ሴሎች ተመናመኑ። ስቴም ሴሎቹ የቀነሱት ከዚያ በኋላ ነው። ደም መስራቱ ወደ ጣፊያና ወደ ጉበት ሸሸ፤ ልክ እንደ ጽንስነት ዘመን። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ኦስቲዮብላስቶቹ ተመለሱ። መቅኔውም ስራውን ቀጠለ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። «ኦስቲዮብላስት የስቴም ሴል ሞግዚት ነው» ብሎ መዝጋት ይቻላል። ብዙ ጽሁፎችም እዚህ ላይ ያቆማሉ።

ግን በ2005 ስቴም ሴሎችን በማይክሮስኮፕ በትክክል መለየት የሚያስችል ዘዴ ተገኘ። አብዛኞቹ የት ተገኙ? አጥንቱ ገጽ ላይ አይደለም። ግድግዳቸው ስስ በሆነ የመቅኔ የደም ስሮች አጠገብ ነው። በ2012 ደግሞ ወሳኝ ሙከራ ተደረገ። ስቴም ሴል ፋክተርን የሚሰራው ጂን ከኦስቲዮብላስቶች ብቻ እንዲጠፋ ተደረገ። ስቴም ሴሎቹ ምንም አልሆኑም። ከደም ስር ሴሎችና ከደም ስሩ ዙሪያ ካሉ ሴሎች ሲጠፋ ግን ስቴም ሴሎቹ አለቁ።

ታዲያ የ2003ቱ ግኝት ውሸት ነበር? አይደለም። ኦስቲዮብላስት ሲበዛ ስቴም ሴል መብዛቱ እውነት ነው። በቀጥታ ስላሳደገው ነው ወይስ አጥንት ሲጨምር የደም ስሩም አካባቢውም ሁሉ ስለተለወጠ ነው የሚለው ነው ያልጠራው። የ2004ቱ ሙከራም ራሱ ፍንጭ ነበረው፤ ቀድመው የተጎዱት ስቴም ሴሎቹ አልነበሩም፣ ልጆቻቸው ነበሩ።

ከዚያ አንድ ተጨማሪ ነገር መጣ። ያ በደም ስሩ ዙሪያ የሚገኘው፣ ለስቴም ሴሉ ዋና ቀላቢ የሆነው ሴል ማን ነው ተብሎ ዘሩ ሲጠና በ2014 መልሱ ተገኘ። በአዋቂ አይጥ ውስጥ የአዳዲስ ኦስቲዮብላስቶች ዋና ምንጭ ሆኖ አረፈው! የመቅኔው ስብም ከእሱ ይወለዳል። ማለትም ገና አጥንት ያልሰራ የአጥንት ቤተሰብ ወጣት አባል ነው።

በእኔ ግምት የነገሩ ፍሬ ይህ ነው። «አጥንት ደምን ያሳድጋል» የሚለው ትክክል ነው፤ «የአጥንት ሴል» ስንል አንድ ነገር እያልን ከመሰለን ግን እንስታለን። ያው ዘር ወጣት ሳለ ምንጩን ይጠብቃል፤ ጎልምሶ አጥንት መስራት ሲጀምር ሌላ ልጅ ያሳድጋል፤ ተቀብሮ ኦስቲዮሳይት ሲሆን ደግሞ ሌላ ስራ አለው።

የጎለመሰው ኦስቲዮብላስት ማንን ነው የሚያሳድገው?

በተለይ ሊምፎሳይቶችን። ሊምፎሳይት ጀርምን ለይቶ የሚያውቅና የሚያስታውስ ነጭ ሴል ነው። ከእነሱ መካከል ቢ ሴል የሚባለው አንቲቦዲ፣ ማለትም ጀርም ላይ የሚጣበቅ ተከላካይ ፕሮቲን፣ ይሰራል፤ ክትባት የሚሰራውም በዋናነት በእሱ በኩል ነው። ቢ ሴል አድጎ የሚበስለው መቅኔ ውስጥ ነው።

በ2008 ከኦስቲዮብላስት ወገን ሴሎች ውስጥ ሆርሞን የሚያመጣውን መልእክት ወደ ውስጥ የሚያስተላልፍ አንድ ፕሮቲን ተወግዶ ታየ። የአይጦቹ ወጣት ቢ ሴሎች በእጅጉ ቀነሱ። ኢንተርሉኪን 7 የሚባለው፣ ለቢ ሴል ዕድገት የግድ የሚያስፈልገው ንጥረ ነገርም አጥንቱ ውስጥ ቀንሶ ተገኘ። በ2013 ደግሞ ቅድም ያልነውን ጠሪ ፕሮቲን፣ ሲኤክስሲኤል12ን፣ ከኦስቲዮብላስቶች ብቻ አጠፉት። ስቴም ሴሎቹ ደህና ነበሩ። ወደ ሊምፎሳይት የሚያመሩት የመጀመሪያ ወጣቶች ግን ተጎዱ። የስራ ክፍፍሉ እንዲህ ቁልጭ ብሎ የታየበት ሙከራ ብዙ የለም።

በጣም የወደድኩት ግን የ2021ዱ ነው። ደም ወሳጅ በሆኑ ትናንሽ ስሮች ዙሪያ አጥንት የመሆን መንገድ የጀመሩ ሴሎች አሉ። እነዚህ ሴሎች ጫና ያውቃሉ። እንስሳው ሲንቀሳቀስ በአጥንቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በሕይወት ያቆያቸዋል፣ ያበዛቸዋልም። አይጦች መሮጫ ሲሰጣቸው በዙ። በዕድሜ መግፋት ግን ይመናመናሉ። ስቴም ሴል ፋክተር ከእነዚህ ሴሎች ሲወሰድ ወደ ሊምፎሳይት የሚያድጉት ወጣቶች ቀነሱ፤ አይጦቹም የባክቴሪያ ህመምን ለማሸነፍ ተቸገሩ። እንግዲህ እርምጃ፣ አጥንትና በሽታ የመከላከል አቅም በአንድ ክር ተያያዙ። በአይጥ ነው፤ ግን ክሩ ሲመዘዝ ደስ ይላል።

ኦስቲዮሳይትስ? እሱ ከኒውትሮፊልና ከዘመዶቹ ጋር ነው ጨዋታው። በ2013 አንድ ጥናት በኦስቲዮሳይቶች ውስጥ ያንኑ በ2008ቱ ሙከራ ያየነውን መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲን አጠፋ። ኦስቲዮሳይቶቹ ጂ-ሲኤስኤፍ የሚባለውን፣ ኒውትሮፊል እንዲመረት የሚያዘውን ንጥረ ነገር፣ ከመጠን በላይ መልቀቅ ጀመሩ። የአይጦቹ ደም በእነዚህ ነጭ ሴሎች ተጥለቀለቀ። በጠንካራ አጥንት ውስጥ የተቀበረ ሴል መቅኔውን ከሩቅ ያዝዛል ማለት ነው።

ቀይ ሴልን በተመለከተ አለቃው ኩላሊት ነው። ኤሪትሮፖይቲን የሚባለው የቀይ ሴል ሆርሞን በአዋቂ ሰው በዋናነት የሚመነጨው ከዚያ ነው። በ2012 ኦስቲዮብላስቶችም ኦክስጅን ያነሰ ሲመስላቸው ይህን ሆርሞን መስራት እንደሚችሉ በአይጥ ታይቷል። መቻልና የየዕለት ስራ ማድረግ ግን ይለያያሉ።

ሲበላሽስ ምን ይመጣል?

ኦስቲዮፔትሮሲስ የሚባል ብርቅ የዘር በሽታ አለ። ኦስቲዮክላስት ስራውን አይሰራም። አጥንት ይሰራል እንጂ አይፈርስም። እየወፈረ ሄዶ የመቅኔውን ቦታ ይዘጋዋል። ህጻኑ ደም ያንሰዋል፣ ጣፊያውና ጉበቱ ደም ለመስራት ሲሉ ያብጣሉ። አጥንቱ በጣም ወፍራም ሆኖ ሳለ በቀላሉ ይሰበራል፤ አሮጌው ስለማይታደስ ነው።

መፍትሄው ምን ይመስላችኋል? የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነው። ለአጥንት በሽታ መቅኔ! በ1980 የታተመ አንድ የህክምና ዘገባ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የአምስት ወር ሴት ህጻን ከወንድሟ መቅኔ ተሰጣት። ዳነች። አጥንቷ ሲመረመር አዲሶቹ ኦስቲዮክላስቶች የወንድ ክሮሞሶም ነበራቸው። ኦስቲዮብላስቶቿ ግን የራሷ ነበሩ። አንዱ ወገን ከደም፣ ሌላው ከአጥንት ቤተሰብ መምጣታቸው በአንዲት ህጻን ላይ ታየ።

መልቲፕል ማይሎማ ደግሞ አንቲቦዲ የሚሰሩ ሴሎች ካንሰር ነው። የካንሰሩ ሴሎች ኦስቲዮክላስትን ይቀሰቅሳሉ፣ ኦስቲዮብላስትን ያፍናሉ። አጥንቱ እየተቦረቦረ ይሄዳል፣ ያማል፣ ይሰበራል። ብዙ ታማሚዎች መጀመሪያ ወደ ሀኪም የሚሄዱት ጀርባዬን አመመኝ ብለው ነው።

የኩላሊት በሽታ የጸናባቸው ሰዎችም አሉ። የፓራታይሮይድ ሆርሞናቸው ለረጅም ጊዜ ከፍ ሲል መቅኔያቸው ውስጥ ጠባሳ መሰል ክር ሊበዛ ይችላል። ኩላሊታቸው ኤሪትሮፖይቲን በበቂ አለማመንጨቱ ሳያንስ ይህ ሲጨመርበት ደም ማነሱ በመድኃኒትም በቀላሉ አልሻል ይላል።

በጣም ያስደነገጠው ግኝት ግን የ2010ሩ ነው። ተመራማሪዎች ዳይሰር1 የሚባል ጂን አጠፉ። ከደም ሴሎች አይደለም፤ ገና ወጣት ከሆኑ አጥንት ሰሪ ሴሎች ብቻ ነው ያጠፉት። የደም ሴሎቹ አልተነኩም። ሆኖም አይጦቹ ደማቸው ተዛባ፤ ጥቂቶቹ ሉኪሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰር፣ ያዛቸው። የታመመው አይጥ መቅኔ ወደ ጤነኛ አይጥ ሲዛወር የደም መዛባቱ ተስተካከለ። ሰፈሩ ነበር የታመመው ማለት ነው። ጂኑ ከጎለመሱት ኦስቲዮብላስቶች ሲጠፋ ይህ አልሆነም። ያው ቤተሰብ፣ የተለያየ ዕድሜ፣ የተለያየ ውጤት።

ይህ ማለት ሰው ሉኪሚያ የሚይዘው አጥንቱ ስለታመመ ነው ማለት አይደለም። የሰው ሉኪሚያ በዋናነት የሚነሳው ደም ሰሪ ሴሎቹ ራሳቸው ላይ ከሚደርስ የጂን ለውጥ ነው። ሰፈሩ ግን ነገሩን ሊያባብስ ወይም የካንሰር ሴሎቹን ከመድኃኒት ሊሸሽግ ይችላል።

ህክምና ላይስ የት ይገባል?

የመቅኔ ንቅለ ተከላ ሲባል ብዙ ሰው አጥንት ተከፍቶ የሚሰራ ቀዶ ጥገና ይመስለዋል። አይደለም። የለጋሹ ሴሎች እንደማንኛውም ደም በክንድ ወይም በደረት ባለ የደም ስር ይንጠባጠባሉ። ከዚያ ራሳቸው ዞረው መቅኔውን ፈልገው ይገቡበታል። መንገዱን የሚያሳዩት እነዚያ ጠሪ ፕሮቲኖች ናቸው።

ከለጋሹ ሲወሰድ ደግሞ ተቃራኒው ነው የሚፈለገው፤ ስቴም ሴሉ ሰፈሩን ለቆ ወደ ደም እንዲወጣ። ለዚህ ለጋሹ ለአራት ወይም ለአምስት ቀን ጂ-ሲኤስኤፍ ይወጋል። መድኃኒቱ ኦስቲዮብላስቶችን ያዳክማል፣ ጠሪው ፕሮቲን ይቀንሳል፣ ስቴም ሴሎቹ ይለቀቃሉ። ለጋሾች በእነዚያ ቀናት አጥንቴን፣ ወገቤን ማለታቸው የተለመደ ነው። ኦስቲዮሳይቶቻቸው በጠፉባቸው አይጦች ላይ ይኸው መድኃኒት ቢሰጥም ስቴም ሴሎቹ እንደ ወትሮው አልወጡም። የተቀበረው ሴል እዚህም እጁ አለበት። ፕሌሪክሳፎር የሚባል ሌላ መድኃኒት ደግሞ ጥሪው ስቴም ሴሉ ጆሮ እንዳይደርስ ይዘጋዋል።

የ2003ቱ ግኝት ወደ ህክምና ይወስደናል ተብሎ ተስፋ ነበር። የፓራታይሮይድ ሆርሞን ለአጥንት መሳሳት የሚሰጥ መድኃኒት ሆኖ አስቀድሞም ነበረ። ንቅለ ተከላ ለሚደረግላቸው ሰዎች ተሞከረ። የመጀመሪያዎቹ ትናንሽ ሙከራዎች የተጠበቀውን ያህል አልሆኑም። የአይጥ ሰፈርና የሰው ሰፈር ቢመሳሰሉም አንድ አይደሉም፤ ከላይ ያየናቸው አብዛኞቹ ሙከራዎች ደግሞ በአይጥ የተደረጉ ናቸው።

ስለዚህ አጥንቴን ባጠነክር ደሜ ይጨምራል?

ጥያቄው መምጣቱ አይቀርምና መልሱ አይጨምርም ነው። ካልሲየም መዋጥ ደም አይሰራም። እንዲያውም ካልሲየም ከብረት ማዕድን ኪኒን ጋር አንድ ላይ ከተወሰደ ብረቱ በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። በዓለም ላይ ደም ማነስን በብዛት የሚያመጣው የብረት ማዕድን እጥረት ነው። ደም አንሶሃል የተባለ ሰው መጀመሪያ ምክንያቱ በምርመራ ይታወቅለት፤ የብረት ማነስ፣ የቪታሚን ቢ12 ማነስ፣ የደም መፍሰስ፣ የኩላሊት ችግር ሊሆን ይችላል። ህክምናቸው ለየቅል ነው። እንቅስቃሴ ለአጥንት ጥሩ መሆኑ ከድሮም የታወቀ ነው። ለሊምፎሳይትም በዚሁ መንገድ ይጠቅማል ለማለት ግን የ2021ዱ የአይጥ ጥናት ብቻውን አይበቃም።